ከባሕር ወደ እንጦጦ

የንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ሰምተው ሲጨርሱ ሁልጊዜ «ሌላስ?» ይሉኛል። እኔም ሁልጊዜ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ አለ። ስንት ጾም ገባ፣ ስንት ጾም ተፈታ፣ ያ ሌላው ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ማማቴን፣ በሐሰት መማሌን፣ ዓርብ ቀን ሥጋ መቅመሴን ሳልጠየቅ እዘረዝራለሁ፤ በትንንሹ ትልቁን እሸፍናለሁ። ሚስቴ አታውቀውም። የበደልኩት ሰው ራሱ አያውቀውም። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁ።

ለእናንተ የምናገረውም ስለማታውቁኝ ነው። ይህን እንደ ጀግንነት እንዳትቆጥሩልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

እኔ ሰው ወደ ባሕር እየወሰድኩ የምኖር ነጋዴ ነኝ። ባሕር በሌለው አገር፣ ጉርድ ሾላ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጬ፣ ለአዲስ አበባ ሰው የጅቡቲን ባሕር እሸጣለሁ። ጓደኞቼ «ከጉርድ ሾላ ወደብ መርከቡ ስንት ሰዓት ይነሳል?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ኖረዋል። ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። ደንበኞቼ የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው፣ መነጽር አጥልቀው፣ ከውሃው በታች እየተነፈሱ ይዋኛሉ። ሲመለሱ ለወራት ሌላ ወሬ የላቸውም።

ብሩክ የክርስትና እናቴ ልጅ ነው። ቤታቸው ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው፤ የእኛም ቤት ያኔ እዚያው ሰፈር ስለነበር አብረን አደግን። እኔ እበልጠዋለሁ። ትልቅ ሲሆን በርና መስኮት የሚበየድበት ቤት ገባ፤ ኋላም የራሱን ከፈተ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል፣ «ተቀመጥ እስቲ» ሲባል የሚናደድ ሰው ነበር። እናቱን እማማ ዘነበችን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቁጡ ናቸው፣ ደግሞም ሩኅሩኅ ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይወጣቸዋል።

ብሩክ ዳዊት የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ዳዊት ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ከጅቡቲ ጠረፍ ጀልባ ላይ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እማማ ዘነበች ቤት ውስጥ ባሕር የሚባል ቃል አይነሳም። ቴሌቪዥን ላይ ሰፊ ውሃ ከታየ ጣቢያው ይቀየራል። የእኔን ሥራ እንኳ «የአስጎብኚ ሥራ» ነው የሚሉት፤ ምን እንደማስጎበኝ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም።

አንድ ቀን ብሩክ ቢሮዬ መጣና «ውሰደኝ» አለኝ። ዳዊት የቀረበትን ውሃ ማየት እፈልጋለሁ አለ። ስላላየሁት በሐሳቤ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል፣ ሲመሽ እየመጣ ይሞላብኛል፣ አንድ ጊዜ ገብቼ ባየው ይለቀኝ ይሆናል አለኝ። ደስ አለኝ። ያዘንኩለት እውነት ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ በልቤ ሌላም ነገር ነበር፣ እሱንም መናገር አለብኝ። ለማስታወቂያ የሚሆን ፎቶ እፈልግ ነበር። በእጄ ያለው ፎቶ ሁሉ የፈረንጅ ነው። የእኛን ሰው፣ ያውም እንደ ብሩክ ያለ መልከ መልካም ልጅ፣ ከዓሣ ጋር ሲዋኝ የሚያሳይ ፎቶ ቢኖረኝ ስንቱን የአዲስ አበባ ሰው እንደሚጠራልኝ አሰብኩ። ስለዚህ በነፃ ወሰድኩት። ሰዎች ደግ ነህ አሉኝ።

ለእናቱ የተነገረውን ውሸት ያወጣሁት እኔ ነኝ። አዳማ የአሉሚኒየም ሥራ ስልጠና አለ፣ እኔም ለሥራዬ ወደዚያው ስለምሄድ አብረን እንሄዳለን አልናቸው። አመኑን። የመንገድ ስንቅ ብለው ዳቦ ቆሎ በፌስታል አሲዘው፣ ግንባራችንን ስመው ሸኙን። የኅዳር ሚካኤል የጽዋው ተራ የሳቸው ስለሆነ ለዋዜማው እንድንደርስ አደራ አሉ። ብሩክ ማኅበርተኛውን ማስተናገድ ነበረበት፤ ከአንዱ ልጃቸው ሌላ ወንድ በቤታቸው የለም።

ጅቡቲ ላይ እኛንና አብረውን የሄዱትን ደንበኞቼን የሚያስተምር ዋይስ የሚባል ሰው ነበር። አማርኛን የተማረው ከከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ስለሆነ ከሚናገረው ግማሹ ስድብ ነው፤ ስድብ መሆኑን ግን የሚያውቅ አይመስልም። ስለ ባሕር ሲናገር ብቻ ይጠነቀቃል። ከውሃ በታች የምንተነፍሰው አየር በጥልቀቱ ተጨምቆ ደማችን ውስጥ እንደሚገባ፣ ስንወጣ ቀስ ብሎ መውጣት እንዳለበት አስተማረን። የለስላሳ ጠርሙስ አንስቶ ክዳኑን ድንገት ከፈተው፤ ገነፈለ። «ቶሎ ከወጣህ፣ ወይም ከባሕር ወጥተህ ቶሎ ተራራ ከወጣህ፣ ደምህ እንዲህ ይሆናል» አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ጠልቆ ከወጡ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ታች መቀመጥ ግዴታ ነው አለ። አውሮፕላን የለም፣ ዳገት የለም። ከዚያ ወደ እኔና ወደ ብሩክ ዞሮ የእናንተ ከተማ ደግሞ ራሱ ተራራ ነው አለን። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልገባኝም ነበር የምልበት መንገድ የለኝም።

ብሩክ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመጥለቁ ከሁላችንም በላይ ሆነ። መጀመሪያ የገባነው በሙሻ ደሴት ዙሪያ ባለው ውሃ ነው። ድንጋይ የሚመስለው ኮራል ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን፣ አንዱ አበባ ጎመን መስሎ፣ ሌላው እንደ ቀንድ ቅርንጫፍ አውጥቶ እንደሚያድግ አየን። እሾሃማ ፀጉር በሚመስል ነገር ውስጥ የምትደበቅ ብርቱካንማ ትንሽ ዓሣ አለች፤ ቤቷን ስንጠጋባት ወጥታ ልትጣላን ትመጣለች፤ ብሩክ እናቱን እንደምትመስል ነገረኝ። ከድንጋይ ሥር አፉን እየከፈተና እየዘጋ የሚያጉረመርም እባብ መሳይ ዓሣ አለ። አሸዋ ለብሶ የሚተኛ፣ ስትረግጠው ጅራቱ የሚናደፍ ጠፍጣፋ ዓሣ አለ። በቀቀን ዓሣ የሚሉት ደግሞ ኮራሉን በጥርሱ እየሰበረ ይበላል፣ ድምፁም ይሰማል። ብሩክ ወደ ጀልባው ሲወጣ እየሳቀ «እማዬ ዳቦ ቆሎ የላከችለት እኮ ይመስላል» አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የባሕር ኤሊ የውሃ ሥር ሣር ስትግጥ ከጎኗ ተንበርክኮ ቆየ። ሲወጣ መነጽሩን ሳያወልቅ አለቀሰ። ጥቁር አይደለም አለኝ፤ ዳዊት ያለበት ቦታ ጥቁር አይደለም፤ ብርሃን አለው። ሰው ከሐዘን ሲፈታ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ምንም ሳንጨምር በዚያ ቀን ብንመለስ ኖሮ ዛሬ የምናዘዘው ነገር አይኖረኝም ነበር።

በዚያ ወራት በአርታ ጠረፍ በኩል ትልቁ ሻርክ ይመጣል። ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ አፉ እንደ ጋራዥ በር የሚከፈት፣ ሰው የማይነካ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮችን ከውሃው እያጠለለ የሚበላ ፍጥረት ነው። ደንበኞቼ የመጡት እሱን ለማየት ነው፣ እሱ ግን አልታየም። የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ደረሰ። ደንበኞቼ የሚመለሱት ከበዓሉ በኋላ ነው፤ እኔና ብሩክ ግን ከሰዓት በኋላ መብረር አለብን። እንደ ሕጉ ያን ቀን ውሃ መንካት አልነበረብንም። ጧት ላይ ዓሣ አጥማጆች ሻርኩ መግባቱን ተናገሩ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። እኔ ሁለቱንም ዛፍ ፈለግሁ። ፎቶውንም፣ የእማማ ዘነበችን ዋዜማም። ዋይስን ለብቻው ወስጄ የእኔንና የብሩክን ትኬት ወደ ነገ ማታ አዛውሬያለሁ አልኩት። አላዛወርኩም። ለብሩክ ደግሞ ዋይስን ጠይቄዋለሁ፣ ለአጭር በረራ ችግር የለውም ብሏል አልኩት። አልጠየቅሁትም። ብሩክ ትንሽ አመነታ። «እርግጠኛ ነህ? ያኔ እኮ ጠርሙሱን አሳይቶናል» አለኝ። እኔም እየሳቅሁ ከቦሌ ጉርድ ሾላ በታክሲ የሚፈጀውን ያህል እንኳ አይፈጅም አልኩት። ሳቀ፤ አመነኝ። እኔን ያላመነ ማንን ሊያምን ነው?

ሻርኩ መጣ። ከውሃ በታች አውራ ጣትን ወደ ታች ማመልከት «ውረድ» ማለት ነው። እኔ ካሜራዬን ይዤ ከላይ፣ ብርሃኑ ካለበት፣ ብሩክ ከታች። ሻርኩ ከላዩ እንዲያልፍ ፈልጌ አውራ ጣቴን ወደ ታች ቀሰርኩ። ወረደ። ሻርኩ ዞረ፣ ሄደ። ብሩክ ወጣ። ሻርኩ ተመለሰ። ደግሜ ቀሰርኩ። እየደጋገምኩ ያን ልጅ ወደ ጥልቁ ሰደድኩት፣ እየደጋገምኩም መልሼ ጠራሁት። በመጨረሻው ፎቶውን አገኘሁ፤ ሻርኩ ሰማይ ሆኖ፣ ብሩክ ከሥሩ እጆቹን ዘርግቶ። ጀልባው ላይ ዋይስ የብሩክን በፍጥነት መውጣት አይቶ በዚያ በሾፌር አማርኛው ሰደበው፣ ቀጥሎም ደግነቱ ነገ ሙሉ ቀን ታርፋላችሁ አለ። አዎ እናርፋለን አልኩት። ብሩክ ከስድቡ ሸሽቶ ወደ ጀልባው ጫፍ ሄዶ ስለነበር ይህን አልሰማም። ከምሳ በኋላ ለጉዳይ ወደ ከተማ እንሄዳለን ብዬ ለዋይስ ነግሬ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን።

ቦሌ ስናርፍ ብሩክ ትከሻውን ያሽ ነበር። ቆዳዬን ያሳክከኛል አለ። ድካም ነው አልኩት።

በማግስቱ ቅዳሴ ቆሞ አስቀደሰ። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ቤት ገባ፤ ጠበል ጻዲቁ ተቀመሰ፤ ብሩክ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ጠላ እየቀዳ ይዞር ጀመር። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ከእንግዶቹ መሐል ሲደርስ እግሩ ታጠፈ። ጠላው በምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ለመነሳት ሞከረ፤ ግራ እግሩ እሺ አላለም። ሰዎች ይስቁ ይሆን ብሎ መጀመሪያ ራሱ ሳቀ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ሁለታችንም ጠርሙሱን ነው ያሰብነው።

ምች ነው አሉ ሴቶቹ። ላብ ላይ ብርድ መቶት ነው ተባለ፤ ዳማከሴ ታሽቶ ቀረበ፤ አጠጡት፤ እግሩን አሹት። ልጁን የሚወድ ሁሉ ተረባረበ። ከመሐላቸው ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም በር አጠገብ ዳቦ ይዞ ተቀምጧል። በዚያ መሐል ስልኬ ጮኸ። ዋይስ ነው። ከደንበኞቼ ሰምቶ ነው፤ አዲስ አበባ መሆናችንን አውቋል። አልተሳደበም። ብሩክ እንዴት ነው አለኝ። ከመካከላችሁ እግሩ የደነዘዘ ካለ ኦክስጅን ስጡት፤ ሐኪም ባሕር ውስጥ እንደነበረ ይወቅ፤ ከዚያ በፍጥነት ወደ ታች አምጡልኝ፤ እዚህ በሽተኛውን አስገብቶ አየሩን መልሶ የሚጨምቅ፣ ለዚህ ሕመም የተሠራ ክፍል አለ፤ ሰው ይድናል አለኝ። ብሩክ ደህና ነው፣ ከእናቱ ጋር በዓል ላይ ነው አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። የሚድንበት መንገድ በግልጽ ቋንቋ ተነግሮኛል። እንግዲህ ይህን ምን ትሉታላችሁ? አላውቅም ነበር ልበል?

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም እግሮቹ ሲከብዱ ሆስፒታል ወሰድነው። አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እናቱ እግሩን አቅፈው፣ በዓይኑ ጠቀሰኝና ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

«እማዬ ሳትሰማ ለዶክተሯ ንገርልኝ» አለኝ። «ባሕር ውስጥ እንደነበርኩ ንገርልኝ። እኔ እዚህ እሷ ፊት አልችልም።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ወጣት ሐኪም ናት። ኮሪደሩ ላይ ራሷ መጥታ ጠየቀችኝ፤ እኔ እንድጀምር እንኳ አላስቸገረችኝም። ከከፍታ ወድቋል? ከባድ ነገር አንስቷል? ከከተማ ወጥቶ ነበር? ያልተለመደ ነገር ሠርቷል? ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። እዚያች ቅጽበት ውስጥ ያሰብኩትን ሁሉ አስታውሰዋለሁ። ማን ወሰደው ትላለች። ዋይስ እንደዋሸሁት ይናገራል። ደንበኞቼ ይሰማሉ። ቢሮዬ ይዘጋል። እማማ ዘነበች ባሕር የሚለውን ቃል ከእኔ አፍ ይሰማሉ፣ ሁለተኛውንም ልጄን ወስደህ ውሃ ውስጥ ከተትከው ይሉኛል። የብሩክ እግር በዚህ ዝርዝር ውስጥ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እሱም ቢሆን ያልፍለታል ብዬ ነው የዘለልኩት።

«አዳማ ስልጠና ላይ ነበር» አልኳት። እርግጠኛ መሆኔን ደግማ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። አመሰግናለሁ ብላኝ ሄደች።

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ብሩክ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ይጠብቀኛል። ጎንበስ ብዬ «ነገርኳት» አልኩት። ምን አለች አለኝ። ከዚያ ጋር አይገናኝም አለች አልኩት። ዋይስንም ደውዬ ጠይቄዋለሁ፣ እሱም እንደዚያው ነው ያለው ብዬ ጨመርኩበት። ብሩክ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ተመስገን አለ። ተመስገን ያለው በእኔ ውሸት ነው።

ሐኪሟ ለሌላ ምርመራ ይቆይ አለች። እማማ ዘነበች ግን ልጄ ጠበል ነው የሚያስፈልገው፣ እንጦጦ ማርያም አወጣዋለሁ አሉ። ብሩክ ቢያመነታ ኖሮ ይቀር ነበር። አላመነታም፤ ሐኪሞቹ የባሕሩን ነገር ሰምተው አይደለም ብለዋልና ምን የሚያመነታበት ነገር አለ? እሺ እማዬ አለ። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ።

ጠበሉን የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። ጠበሉ ምንም አላደረገውም። ያደረገው ዳገቱ ነው፣ ወደ ዳገቱም የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሽሮ ሜዳን አልፈን ሽቅብ ስንጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። ባሕር ውስጥ ስንወርድ የሚሰማን ዓይነት ነው። ጆሮዬ ራሱ ይነግረኝ ነበር። በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ መኪናውን ማዞር እችል ነበር፤ ወደ ታች፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ ዋይስ። መንገዱ የእኔ፣ መሪው የእኔ። ከላይ ስንቃረብ ብሩክ ራሱን እናቱ ጭን ላይ እንዳደረገ «እማዬ፣ እግሬ ላይ ተቀምጠሻል?» አለ።

«እኔ ወዲህ ነኝ ልጄ፤ እግርህ ላይ ማንም የለም» አሉት።

ያኔም አልቆምኩም። ከደጀ ሰላሙ ስንደርስ ተሸክመን አወረድነው። ለሱባኤ ቤት ተከራይተው እዚያው ከእናቱ ጋር ሰነበተ፤ እኔ ወደ ጉርድ ሾላ ወርጄ ቢሮዬን ከፈትኩ። ከሱባኤው በኋላ ሌላ ሐኪም አከርካሪው ውስጥ ያለው ነርቭ ተጎድቷል፣ ጊዜው አልፏል አላቸው። ብሩክ ከዚያ ወዲህ አልቆመም።

ዋይስ ደጋግሞ ደወለ። ቁጥሩን ዘጋሁት። አሁን ከሌላ አስተማሪ ጋር ነው የምሠራው።

ያ ፎቶ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ብዙ ደንበኛ የመጣልኝ በእሱ ነው። ማን ነው ይሉኛል፤ ወንድሜ ነው እላለሁ። ዛሬ ከእኔ በላይ ጥንቁቅ አስጎብኚ የለም። ለመጨረሻ ጊዜ ጠልቀው ከወጡ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ካላረፉ ትኬት አልቆርጥም፤ የተቆጡ ደንበኞች ሄደውብኛል። ሌሎቹ ያመሰግኑኛል፣ ስለ ሰው ሕይወት የሚያስብ ነው ይሉኛል። ሲያመሰግኑኝ ጎንበስ እላለሁ።

እሁድ እሁድ ብሩክ ቤት እሄዳለሁ። አጥበዋለሁ፣ ባለጎማ ወንበሩን እየገፋሁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አደርሰዋለሁ። እማማ ዘነበች አርጅተዋል። ባሕሩን እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ልጃቸውን ብርድ የመታው አዳማ ይመስላቸዋል። እጄን ይዘው «የሥጋ ወንድሙ ቢኖር ከዚህ በላይ አያደርግለትም ነበር፤ አንተን የሰጠኝ ሚካኤል ነው» ይሉኛል። እኔ አሜን እላለሁ። ሰው በምን አንገቱ አሜን ይላል? በዚሁ በእኔ አንገት።

ለራሴ የምነግረው ሰበብ ሞልቷል። እውነቱን ብነግረው ያለችውን ሰላም አሳጣዋለሁ እላለሁ። እናቱን እገድላቸዋለሁ እላለሁ። ማን ያጥበዋል እላለሁ። ሁሉም እውነት ይመስላል፣ ሁሉም ደግሞ የሚጠቅመው እኔን ነው። ብሩክ ሰላም ነበረው፤ ባሕሩን አይቻለሁ፣ ሐኪሞቹም አውቀው አልቻሉም፣ ዕጣዬ ነው ይል ነበር። በዚያ ተጽናንቼ ስኖር ባለፈው እሁድ ያችም አለቀች። ስልኩ ላይ ስለዚህ ሕመም ሲያነብ ሰንብቷል። ኦክስጅን በጊዜ የተሰጣቸው፣ ወደዚያ ክፍል የገቡ ሰዎች እንደሚድኑ አግኝቷል። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና ያቺ ዶክተር ነግረሃት ለምን ኦክስጅን እንኳ አልሰጠችኝም አለኝ። ፊቱ ላይ አይቼው የማላውቀው ጥላቻ ነበር። ፈልጋት፣ ውሰደኝ፣ ፊቷን አይቼ ልጠይቃት አለኝ።

ያች ደቂቃ ከእንጦጦ መንገድ ወዲህ እግዜር የሰጠኝ የመጨረሻ ደቂቃ ነበረች። እኔ ግን ምን አልኩት? «ተዋት፤ እነሱ ስህተታቸውን አያምኑም» አልኩት። ሁለት ጊዜ የጠየቀችኝን፣ አመሰግናለሁ ብላኝ የሄደችውን ልጅ ለጥላቻው ሰጠሁት። ብሩክ አሁን ይረግማታል። እማማ ዘነበችም ምክንያቱን ሳያውቁ አብረው ይረግሟታል።

እንግዲህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ የሚገባቸው ሰዎች ደግሞ አልተጠየቁም። ይህን የጻፍኩት ቀሎኝ ልተኛ ብዬ ነው፣ አልቀለለኝም። ብሩክ ብዬ የጻፍኩት ስሙ አይደለም። የእናቱንም፣ የወንድሙንም ስም ቀይሬያለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ቢያገኘው ራሱን እንዳያውቅ ነው። ብሩክ ግን ብዙ ያነባል፣ ቢያገኘው ደግሞ ያውቀዋል። እሁድ ስሄድ ስልኩን ዘርግቶ «ይህ እኔ አይደለሁም ወይ?» ቢለኝ የምመልሰውን ከአሁኑ አዘጋጅቻለሁ። አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው እለዋለሁ።

እሱም ያምነኛል።